የፎቁ ሳጥን

መስከረም 20 ቀን

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ታረቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል? እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ለምን ወረቀት እንደያዝኩ ታውቂያለሽ። ትናንት «አባዬ እንዴት…» ብዬ ሳልጨርስ አፍሽ እንደተከፈተ፣ አንድ እጅሽ አየር ላይ እንዳለ ደርቀሽ ቀረሽ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋሽ። ከትናንት ወዲያም እንዲሁ፣ ከዚያ በፊትም እንዲሁ። እኔ እዚህ ሰው አገር ቀኑን ሙሉ የሰው መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ስጠግን እውላለሁ፤ የገዛ ወላጆቼ ቤት ዋይፋይ ግን መሳቂያ አደረገኝ። ደግሞ በስልክ የነገርኩሽን ዞር ስትዪ ትረሺዋለሽ። ወረቀት ከሆነ ማቀዝቀዣው በር ላይ ትለጥፊዋለሽ። ስለዚህ ይህችን ለጥፊያት።

የላክሁላችሁ ነጫጭ ሳጥኖች ሦስት ናቸው። ዋናው ሳሎን ነው፤ የኢንተርኔቱ መስመር ከውጭ የሚገባው እሱ ላይ ነው። ሁለተኛው ሳጥን ፎቅ ላይ፣ የድሮ ክፍሌ ውስጥ አለ። ሦስተኛው ጓሮ፣ የአባዬ መሥሪያ ክፍል ውስጥ ነው። እየተቀባበሉ ኢንተርኔቱን ለቤቱ ሁሉ ያዳርሳሉ፤ «ሜሽ» የሚባለው ይኸው ነው። ዋናው ከጠፋ ግን የቀሩት ሁለቱ ባዶ መብራት ናቸው፤ እኔም ከዚህ ሆኜ አላያቸውም።

አሁን ዳንቴል አልብሰሻቸው እንደሆነ አውልቂ። አውቅሻለሁ፣ አልብሰሻቸዋል። ዋናውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተሽ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው። የፎቁን ወደ በሩ አስጠጊው፤ ኮንክሪቱ ያፍነዋል። መብራታቸው ነጭ ከሆነ ደህና ናቸው። ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም የሚል ካለ የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝ።

እውነቱን ለመናገር የሚያስጨንቀኝ ዋይፋዩ አይደለም። ሳጥኖቹን የገዛሁት አባዬን ለማየት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ፊቱን አላየሁትም። በደወልኩ ቁጥር «ጓሮ ነው፣ እጁ ግራሶ ነው» ትዪኛለሽ። የምን ግራሶ ነው፣ እማዬ? ሰውየው ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው።

ልጅሽ፣ ሚጣ


ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ ለሚጣዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ክፉ አይይሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ።

ደብዳቤሽን ለማቀዝቀዣው ገልብጬ ካስቀረሁ በኋላ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አራት ነጥብ ሁለት ቦታ ዘለሻል፣ እናትሽንም በዳንቴል ነገር አምተሻል። ከአሥር ሰባት።

ዳንቴሉ ዋናው ላይ ብቻ ነበር። አውልቄዋለሁ፤ ራቁቱን ሲታይ ግን ያሳፍራል። ያዘዝሽውን ሁሉ ፈጽሜአለሁ። ዋናውን የመጻሕፍት መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት። የፎቁን ለማስጠጋት ያን ደረጃ ሁለት ጊዜ አርፌ ወጣሁት፤ ሁለተኛ ወደዚያ እንዳትልኪኝ። ከሳጥኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም በስልክ እንዳልሽኝ በመርፌ ተጭኜ አሥር ድረስ ቆጠርኩ። እዚያ ላይ ተቆጥቶ ቀይ ሆነ፣ ቆይቶ ራሱ ታረቀ። አሁን የሦስቱም መብራት ነጭ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ደህና ይሠራል። አመሻሹ ላይ ነው የሚያስቸግረው። እዚህ መብራት አንዳንዴ እንደሚሄድ መቼም አትረሺውም።

አባትሽ ምግቡን ይበላል። ዝምታ ትንሽ አብዝቷል። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ ቁጥሩ ትልልቅ የሆነ የግድግዳ ሰዓት ብታገኚ ላኪልኝ። ዕለቱንም የሚያሳይ ማለቴ ነው፣ ሰኞ ማክሰኞ የሚል። ለሳሎኑም ያምራል።

እናትሽ


ጥቅምት 25 ቀን

ለእማዬ፣

ሰላም ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ ሰሞኑን ልቤ አላረፈም። ሰዓቱ በፖስታ ተልኳል።

ሳጥኖቹ መቼ እንደጠፉ፣ መቼ እንደበሩ ስልኬ ላይ ይመዘገባል። የአርባ ቀኑን ቁጭ ብዬ አየሁት። መጀመሪያ የጎረቤት ዋይፋይ እየተጋፋቸው ነው ብዬ ከዚህ ሆኜ መስመራቸውን ቀየርኩ። ከዚያ ቻርጀራቸው ደክሞ ይሆናል አልኩ። እማዬ፣ ሁለቱም አይደለም። መብራትም አይደለም። መብራት ሲሄድ ሦስቱም እኩል ይጠፋሉ። የእናንተዎቹ ግን ተራ ይዘው ነው የሚጠፉት።

በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጓሮው ይጠፋል። ሦስት ደቂቃ ቆይቶ የፎቁ። ሌላ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ዋናው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተመልሰው ይበራሉ። በእናንተ አሥራ አንድ ተኩል እዚህ የእኔ የምሳ ዕረፍት ስለሆነ ነው በደወልኩ ቁጥር የሚቋረጠው። የተበላሸ ዕቃ እንዲህ ሰዓት አክብሮ አይበላሽም። ደግሞ መጀመሪያ ላይ እሑድ እሑድ አይጠፉም ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ እሑድም ይጠፋሉ።

ሦስት ደቂቃ ማለት ከጓሮ ተነስቶ እስከ ክፍሌ ድረስ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ቤታችን ውስጥ የሚዞር ሰው አለ። ማን ነው? ሠራተኛ ቀጠራችሁ? ክፍሌን አከራያችሁት? ዕለት የሚያሳይ ሰዓትስ ለምን አስፈለገሽ? እዚያ ቤት ውስጥ ዕለቱ የሚጠፋበት ሰው ማን ነው? ቶሎ ጻፊልኝ። ማርክ አትስጪኝ፣ መልስ ስጪኝ።

ሚጣ


ታኅሣሥ 6 ቀን

ሚጣዬ፣

የፈጣሪ ጥበቃ ካንቺ አይራቅ። ዘገየሁብሽ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

የሚዞረው አባትሽ ነው።

መርሳት ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር የሚጠፋበት፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ አሁን ዕለቱ። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ ይነሳል። ቤቱ ክር ፋብሪካው ይመስለዋል። በፊት የሚያጠፋው ራዲዮና አምፖል ነበር። ሳጥኖችሽ ሲመጡ መብራታቸውን አይቶ ማሽን ናቸው አለ። የጓሮውን ይነቅላል፣ መደገፊያውን ይዞ ደረጃውን ይወጣል፣ የፎቁን ነቅሎ ይወርዳል። ዋናውን ከነቀለ በኋላ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ «ሦስቱም» ይለኛል። እኔም «ሦስቱም» ማለት አለብኝ። ካላልኩ አይቀመጥም። ጠዋት እኔና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ተጋግዘን መልሰን እንሰካቸዋለን።

አንድ ቀን በር ዘግቼ ላስቀረው ሞከርኩ። «ማሽኑ እየሠራ ጥዬ ልሂድ? ሰው እጁን ቢያስገባስ?» ብሎ አለቀሰ። አርባ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው አንቺን የሸኘን ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ አልከለከልኩትም።

ሐኪም አሳይቼዋለሁ። ባለበት የሚያቆየው መድኃኒት አለ፣ ወደ ኋላ የሚመልሰው ግን የለም አለኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሆነ ነው። ስለ እሱ ሲወራ ይገባዋል፣ ይሸማቀቃል። ወረቀት ድምፅ የለውም። «እጁ ግራሶ ነው» ያልኩሽ ደግሞ አንቺን አይቶ ስምሽ እንዳይጠፋበት ፈርቼ ነው። እስካሁን አልጠፋበትም። ይህን ደግመሽ አንብቢው፦ አሁንም ያውቅሻል። ብቻ አንዳንድ ቀን «ሚጣ ከትምህርት ቤት ዘገየች» ብሎ በር ላይ ይቆማል።

እናትሽ


ታኅሣሥ 22 ቀን

ለእማዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ የቀረውን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጨረስኩት። ፊቴን ታጥቤ ስወጣ አለቃዬ «ጉንፋን ነው?» አለኝ። ጉንፋን ነው አልኩት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባዬ ፋብሪካው ይወስደኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነበር፤ ሠራተኞቹ «መዝጊያው» ይሉት ነበር። «ከዳር ጀምረሽ ወደ ዋናው» ይለኝ ነበር። «ዋናውን አስቀድመሽ ካጠፋሽ ዳር ያለው ሰው ጨለማ ውስጥ ይቀራል።» ፎቅ ላይ አራት ትንንሽ ማሽኖች ነበሩ። «የፎቁ የሚጣ ነው» ብሎ ይልከኛል። ሮጬ ወጥቼ አጠፋቸውና «የፎቁ ጠፍቷል!» ብዬ እጮሃለሁ። ከታች «ሰማሁ!» ይላል። ያን ሳይሰማ ዋናውን ነክቶ አያውቅም።

አትከልክይው። ሳጥኖቹ ሺህ ጊዜ ቢነቀሉ ምንም አይሆኑም። ዋይፋዩ ምንም አልጎደለውም፤ እስከ ዛሬ ድረስ በከንቱ ስጠግነው ከረምኩ እንጂ። ከእንግዲህ የምደውለው በእናንተ ስምንት ሰዓት፣ ሥራ ሳልገባ ነው። ስሜ ቢጠፋበትም ግድ የለም፣ እኔ እነግረዋለሁ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደግሞ ስልኬን ምሳዬ አጠገብ አስቀምጬ አያለሁ። የጓሮው ይጠፋል፣ የፎቁ ይጠፋል፣ ዋናው ይጠፋል። አባዬ በእግሩ ቆሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው እህል የሚወርድልኝ።

ኮንትራቴ የሚያልቀው ሐምሌ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ጥዬ ከመጣሁ መመለሻ የለኝም። እስከ ሐምሌ ያውቀኛል? ሐኪሙን ጠይቂልኝ። ወይም ተዪው፣ አትጠይቂው። እኔ እንጃ።

ልጅሽ፣ ሚጣ


ጥር 14 ቀን

ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አባትሽ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ስምሽን ያነሳል። ልብስ ሰፊዋ አሁን በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣች ታግዘኛለች። በሥራሽ በርቺ።

አንድ ጥያቄ ነበረኝ። የፎቁን ሳጥን ወደ ታች ባወርደው ይሠራል? ጨርሶ ባይኖርስ?

ሌላ ሳጥን አትላኪ።

እናትሽ


ጥር 28 ቀን

እማዬ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆዪልኝ። ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

ቀይ እስክሪብቶ ያልነካው ደብዳቤ ካንቺ አልለመድኩም። ቀልድ የለበትም፣ ማርክ የለበትም። ልብስ ሰፊዋ በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣች የምታግዝሽ ምን ለማድረግ ነው?

በስምንት ሰዓት እየደወልኩ አባዬን ሦስት ጊዜ አየሁት። ፀጉሩ ጥጥ መስሏል። «በልተሻል?» አለኝ፣ እንደ ድሮው። ከጥር 5 ወዲህ ግን መልስሽ «ተኝቷል» ብቻ ነው። ትኩሳት ይዞት እንኳ በቀን የማይተኛ ሰው ነው። ካሜራውን ወደ እሱ አዙሪልኝ ስልሽ ዋይፋዩ ይቋረጣል። ዋይፋዩ አልተቋረጠም፣ እማዬ። እኔ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ስልኩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ።

የሳጥኖቹን ነገር ልንገርሽ። ጥር 5 የጓሮው ብቻ ጠፋ። የፎቁና ዋናው እንደበሩ አደሩ። በ6 እና በ7 ሁለቱን የነካቸው የለም። ከጥር 8 ጀምሮ ደግሞ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ይጠፋሉ። የመጀመሪያውን ቀን መብራት ነው አልኩ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ልክ በአሥራ አንድ ተኩል። መብራት እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም። ዋናው ሲነቀል ሌሎቹ እንደማይታዩኝ መጀመሪያ ጽፌልሽ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ላይ ይኖራል። አንድ ሰው ዋናውን ብቻ እየነቀለ ነው።

አባዬ የገዛ ስሙን ይረሳ እንደሆነ እንጂ ዋናውን አስቀድሞ አያጠፋም። ይህ ሰው አባዬ አይደለም። ይህ ሰው ደረጃ መውጣት የማይሆንለት፣ እኔ ምሳዬን እንድበላ የሚፈልግ ሰው ነው።

አንቺ በስልክ ትዋሻለሽ። በወረቀት ግን ትዘገያለሽ እንጂ ዋሽተሽኝ አታውቂም። ስለዚህ በወረቀት እጠይቅሻለሁ፤ ስልክማ ፈራሁት። አባዬ አለ?


የካቲት 3 ቀን

ሚጣዬ፣

አባትሽ አለ። መጀመሪያ ይህን ልጻፍልሽ፣ ሌላው ይደርሳል። አለ።

ጥር 5 የጓሮውን ነቅሎ ወደ ፎቅ ሲወጣ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ወደቀ። ዳሌው ተሰብሯል። ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ነበርን። ዕድሜው ቀዶ ሕክምና አይችልም ብለው መለሱን። ሳሎን ውስጥ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያው ሥር አልጋ ዘርግተንለታል። ልብስ ሰፊዋ የምታግዘኝ እሱን ለማገላበጥ ነው።

ለምን እንደደበቅሁሽ ትጠይቂኛለሽ። ሳጥኑን የላክሽው አንቺ ነሽ። «የፎቁን ሊያጠፋ ሲወጣ ወደቀ» ብዬ በየትኛው እጄ ልጻፍልሽ? ምሳሽም አሳሰበኝ። እህል የሚወርድልሽ ሳጥኖቹ ሲጠፉ ነው ብለሻል። ስለዚህ ሰዓቱ ሲደርስ እየተነሳሁ ዋናውን ነቀልኩ። እሱ ከጠፋ ሁሉም ጠፍተው ይታዩሻል፣ ምን ልዩነት አለው አልኩ። ሠላሳ ዓመት ኩረጃ ስይዝ የኖርኩ ሴትዮ በገዛ ልጄ ተያዝኩ።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሳጥኑ ባይኖር አምፖሉን ሊያጠፋ ይወጣ ነበር። ይህን በቀይ የጻፍኩልሽ እርማት ስለሆነ ነው።

አሁን ልመና አለኝ፤ ሰዓትም ሳጥንም አይደለም። አባትሽ እየደከመ ነው። ስለ ሐምሌ ስጠይቀው ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። በየቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ዓይኑን ይገልጣል። «የጓሮው?» ይለኛል። «ጠፍቷል» እለዋለሁ። «የፎቁን ማን አጠፋ?» ይላል። በፊት «እኔ» እለው ነበር። ጉልበቴን ስለሚያውቅ አያምነኝም፣ ሊነሳ ይታገላል፣ ዳሌው ያሰቃየዋል። አንድ ቀን ጨንቆኝ «ሚጣ ወደ ፎቅ ወጥታለች» አልኩት። መታገሉን ተወ። ፊቱን ወደ ደረጃው አዞረና ሲጠብቅ አመሸ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ ግራ ገብቶኝ ነበር። የታኅሣሡን ደብዳቤሽን እንደገና ሳነብ ነው የገባኝ።

ነይ፣ ልጄ።

እናትሽ


የካቲት 9 ቀን

ለእማዬ፣

ፈጣሪ ለሁላችንም እስከ ቅዳሜ ዕድሜ ይስጠን። ሌላ ሰላምታ የለኝም።

በቀይ የጻፍሽልኝን በቀን ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ። ገና አላመንኩሽም፤ ግን አነባለሁ። አለቃዬ «ኮንትራትሽ ይፈርሳል» አለኝ። «ይፍረስ» አልኩት። ሁለት ሻንጣ አለኝ፣ የቀረውን ለጓደኞቼ አከፋፈልኩ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት እደርሳለሁ። በስልክ ነግሬሻለሁ፤ ግን ታለቅሺ ስለነበር የሰማሽኝ አልመሰለኝም። ይህ ወረቀት ከእኔ ኋላ ሊደርስም ይችላል። ያም ሆኖ ካልጻፍኩት እጄ አላርፍ አለ።

እስከዚያ ዋናውን አትንኪው። ሲጠይቅሽ «ሚጣ እየመጣች ነው» በይው፤ አሁን እውነት ነው። አሁንም ስልኬን ምሳ ሰዓት ላይ አያለሁ። ሦስቱም በርተው ያመሻሉ፣ እኔም አልበላም። እባክሽ አባዬን አቆዪልኝ።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ትራሱን ከፍ አድርጊለት። የጓሮውን ልብስ ሰፊዋ ትንቀል። ደረጃውን እኔ እወጣዋለሁ። ላይ ስደርስ ጎረቤት እስኪሰማ እጮሃለሁ። ይመልስልኝ አይመልስልኝ አላውቅም። ካልመለሰልኝ ደግሜ እጮሃለሁ። የዋናውን ገመድ እጁ ላይ አስቀምጪለት፣ ካንቺ የምፈልገው ይኸው ነው። አትንቀዪበት። ዋናው የእሱ ነው፣ የፎቁ የእኔ ነው።

ልጅሽ፣ ሚጣ


(በዚሁ ደብዳቤ ግርጌ፣ በቀይ እስክሪብቶ)

ደብዳቤሽ ማክሰኞ፣ ካንቺ በኋላ ደረሰ። አራት ነጥብ አሁንም ሁለት ቦታ ጎድሏል፤ አልቀነስኩብሽም። ቅዳሜ ሁለተኛ ስትጮኺ አባትሽ «ሰማሁ!» ሲልሽ ልብስ ሰፊዋ ጓሮ ሆና ሰምታዋለች። ከአሥር አሥር።